ከለገሃር እስከ አቡሴራ፦ አዲስ አበባ በሯን ስታዛውር

የአዲስ አበባን ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ቦሌ ላይ ይጀምራሉ። እኔ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ፣ ከለገሃር፣ መነሳት ይሻላል ባይ ነኝ። ከተማዋ ከባሕር የራቀች፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ናት፤ ከውጭ የሚመጣ ሁሉ ዳገት መውጣት አለበት። መጀመሪያ ባቡሩ፣ ኋላም ጄቱ ከዚህ ዳገት ጋር ግብግብ ገጥመዋል። በሩ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው የተዛወረውም በአብዛኛው በዚሁ ከፍታ የተነሳ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ የምድር ባቡሩን ሥራ ለስዊሱ መሐንዲሳቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የፈቀዱት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ሐዲዱ ከጅቡቲ መዘርጋት የጀመረው ከአራት ዓመት በኋላ ሲሆን ስፋቱ አንድ ሜትር ብቻ ነበር። በ1895 ዓ.ም. ቆላውን አቋርጦ ከሐረር ተራሮች ግርጌ ሲደርስ ግንበኞቹ አንድ ውሳኔ ወሰኑ፦ ባቡሩን ወደ ሐረር ከማውጣት ይልቅ ከተማዋን ወደ ጎን ትቶ በሜዳው እንዲያልፍ አደረጉ። ድሬዳዋ የተወለደችው ከዚያ ውሳኔ ነው። ያቺ ጥንታዊት የንግድ ከተማ ዳገት ላይ በመሆኗ ብቻ የባቡሩን ሲሳይ ለአዲሲቱ ጎረቤቷ አስረከበች።

ገንዘቡም እዚያው አለቀ። ኩባንያው ከሰረ፤ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን በሐዲዱ ላይ ተነታረኩ፤ ምኒልክም የውጭ መንግሥታት በባቡሩ ተሳፍረው ወደ መሀል አገር እንዳይገቡ ሠጉ። ሌላ የፈረንሳይ ኩባንያ ተቋቁሞ ሥራው ከቀጠለ በኋላ ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ካረፉ ሦስት ዓመት አልፏቸው ነበር። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ያለው 784 ኪሎ ሜትር መንገድ በቅሎና ግመል ለሳምንታት የሚደክሙበት ነበር፤ ባቡሩ በሦስት ቀን ጨረሰው። ሦስት ቀን የፈጀውም ሌሊት ሌሊት ስለማይጓዝ ነው። መንገደኛው አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን አዋሽ ያድር ነበር።

ባቡሩ የቆመው ከቤተ መንግሥቱም ከአራዳ ገበያም ዝቅ ብሎ፣ በከተማዋ ደቡባዊ ሜዳ ላይ ነበር። ሰፈሩም ከፈረንሳይኛው በተገኘው ስሙ ለገሃር ተብሎ ቀረ። ዛሬ የምናየው ሰዓት ያለው የድንጋይ ሕንፃ የተመረቀው ኅዳር 24 ቀን 1922 ዓ.ም. ነው፤ ንድፉን የሠራው ፖል ባርያ የተባለ ፈረንሳዊ አርክቴክት ነው። አንድ የዘመኑ ትልቅ ጣቢያ ሊኖረው የሚገባውን ይዟል፦ የትኬት መስኮት፣ የመንገደኛ ማረፊያ፣ የዕቃ መጋዘን፣ ጉምሩክ፣ አጠገቡም ቡፌ ደ ላ ጋር የተባለው ምግብ ቤት። ቡናና ቆዳ ይወርዳል፤ ጨው፣ ጨርቅ፣ ቆርቆሮና አውቶሞቢል ይወጣል። ዛሬ በአውሮፕላን ማረፊያ የምናየው ፍተሻ፣ ቀረጥ፣ ኩሊ፣ ተቀባይና ሸኚ በዚህች ከተማ መጀመሪያ የታየው እዚህ ነው። የኮንትሮባንዱም ጥበብ እዚሁ ጎልብቷል፤ ከድሬዳዋ መስመር የሚመጡ ነጋዴ ሴቶች ጨርቅ በጨርቅ ላይ ደርበው ለብሰው ፈታሾችን ያስቸገሩበት ዘመን ገና በሰው አፍ አለ።

ሕንፃው ከመመረቁ ከሦስት ወር ተኩል በፊት ግን ተፎካካሪው መጥቶ ነበር። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ፖቴዝ 25 የተባለች ባለ ሁለት ክንፍ የፈረንሳይ አውሮፕላን አዲስ አበባ አረፈች። ንጉሥ ተፈሪ፣ የኋላው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ዓመታት ቀደም ብለው ኤደን ላይ የእንግሊዝ አውሮፕላኖችን ትርኢት አይተው ልባቸው ተማርኮ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሆኑ። ያኔ አውሮፕላን ማረፊያ ማለት ሣሩ የታጨደ ሜዳ ማለት ነው፤ ጃንሜዳም ሆነ አቃቂ ለዚሁ ያገለግሉ ነበር። ነዳጁ ግን ከጅቡቲ በባቡር ተጭኖ ለገሃር ይወርዳል። ሰማዩ ገና በሐዲዱ ትከሻ ላይ ነበር።

ለገሃር በክብር የታየው በ1923 ዓ.ም. ነው። ጥቅምት 23 ቀን ለሚከበረው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል የእንግሊዝ ንጉሥ ልጅ የግሎስተሩ መስፍን፣ ከፈረንሳይ ማርሻል ፍራንሼ ዴስፔሬ፣ ከጣሊያን የኡዲኔው ልዑልና ሌሎችም መልእክተኞች በመርከብ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በባቡር መጡ። እንግዳው ከፉርጎው ሲወርድ የሚያየው የይሁዳ አንበሳ ሐውልትም በዚያው ሰሞን ጣቢያው ፊት ለፊት ቆመ፤ የፈረንሳዊው ቀራጺ የዦርዥ ጋርዴ ሥራ ነው። ከብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ካለው የድንጋይ አንበሳ ጋር የሚያምታቱት አሉ፤ ያኛው ከ25 ዓመት በኋላ የመጣ ነው።

አምስት ዓመት ተኩል አለፈ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በዚሁ የባቡር መስመር ወደ ጅቡቲ ወጡ፤ በሦስተኛው ቀን የጣሊያን ጦር ከተማዋን ያዘ። አንበሳው ተነቅሎ ወደ ሮም ተወሰደና ከዋናው ባቡር ጣቢያ አቅራቢያ ቆመ። ወደ ለገሃር የተመለሰው ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ወራሪው በአየር ኃይሉ የሚመካ ስለነበር ከከተማዋ በስተ ምዕራብ የልደታን ሜዳ ለአውሮፕላን አደላደለ። ሲባረር የተወው ማኮብኮቢያም ለሚቀጥሉት ሃያ ዓመታት የአገሪቱ የአየር በር ሆነ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተመሠረተው ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ቲ ደብሊው ኤ ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር ተዋውለው ከጦርነት የተረፉ አምስት ሲ-47 አውሮፕላኖች ተገዙ። መጋቢት 30 ቀን አንዷ ከአዲስ አበባ ተነስታ በአሥመራ በኩል ካይሮ ገባች። የልደታ ዘመን ምቾት የሚባል ነገር አልነበረውም። በእነዚያ አውሮፕላኖች ውስጥ አግዳሚ ወንበሩ ከግድግዳው ጋር የተያያዘ ነው፤ መንገደኛው ፊት ለፊት ይተያያል፤ መሀሉ ላይ ዕቃው ይከመራል። ግን ይበራል። መኪና ክረምት ከበጋ ወደማይገባበት አውራጃ ሰውም ቡናም ያደርሳል። ባቡሩ በአንድ መስመር ብቻ ሲመላለስ ለሲ-47 ሣር ያለበት ሜዳ ሁሉ ጣቢያው ነበር።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ ግን ዓለም ወደ ጄት ገባ፤ አየር መንገዱም ቦይንግ 720ቢ አዘዘ። እዚህ ላይ ነው የከተማዋ ከፍታ እንደገና ጉዳይ የሆነው። በ2,300 ሜትር ላይ ያለው አየር ከባሕር ጠረፉ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ክንፉ የሚደገፍበት አየር ስስ፣ ሞተሩ የሚስበውም አየር ስስ ነው። ስለዚህ አውሮፕላኑ ከመሬት ለመላቀቅ የበለጠ መፍጠን፣ ለመፍጠንም የበለጠ መንደርደር አለበት። ባሕር ዳርቻ ላይ የሚበቃ ማኮብኮቢያ አዲስ አበባ ላይ አይበቃም። ልደታ ደግሞ ሜዳው አጭር ነው፤ ከተማውም እየተጠጋው መጥቷል።

ስለዚህ በሩ ወደ ምሥራቅ ዞረ። የቦሌ ሜዳ ያኔ እርሻና ግጦሽ ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ በማኮብኮቢያውና በመቆጣጠሪያ ማማው በ1955 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ጥር 7 ቀን የአየር መንገዱ የመጀመሪያ የጄት መደበኛ በረራ ወደ ናይሮቢ ተነሳ። ልደታ ለጦሩ ቀረ፤ በዚያ በኩል ያለው ሰፈር ግን እስከ ዛሬ በታክሲ ረዳቶች አፍ ኦልድ ኤርፖርት ነው።

የቦሌ መከፈት ጊዜውን የጠበቀ ነበር። በአምስተኛው ወር፣ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም.፣ የ32 ነጻ የአፍሪካ አገሮች ተወካዮች በካዛንቺስ ዳር ባለው፣ ጣሊያናዊው አርቱሮ ሜዜዲሚ በነደፈው አፍሪካ አዳራሽ ተሰብስበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ቻርተር ፈረሙ። እንዲህ ያለውን ጉባኤ በባቡር ማስተናገድ አይታሰብም። መሪዎቹን ከአህጉሩ ማዕዘናት ሁሉ የሚያመጣው ጄት ነበር፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ መስቀል አደባባይ የሚዘልቀው መንገድም አፍሪካ ጎዳና ተባለ። ከተማዋ በአንድ ትውልድ ውስጥ ፊቷን አዞረች። ቀድሞ እንግዳ የሚያርፈው ለገሃር አጠገብ ባለው ራስ ሆቴልና በአካባቢው ነበር። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሂልተን ካዛንቺስ ጫፍ ላይ ሲሠራ የሚጠብቀው የቦሌውን እንግዳ ነበር። ካዛንቺስም ጣሊያን ለሠራተኞቹ ቤት ከሠራበት ሰፈርነት ወደ ጉባኤተኛና ዲፕሎማት መናኸሪያነት ተለወጠ፤ ጓዳው ውስጥ ግን የጠጅ ቤቱና የምሽት ጭፈራው ሕይወት አልተነቀለም።

የምድር ባቡሩ በአንድ ቀን አልሞተም። በ1952 ዓ.ም. በተደረገ ስምምነት ኢትዮጵያ የኩባንያውን ግማሽ ድርሻ አገኘች፤ ናፍጣ የሚበሉ ሞተሮችም ገቡ። ዋናውን ጉዳት ያደረሰበት ጦርነት ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ወረራ ድልድዮቹ ተሰባበሩ፤ ከዚያ ወዲህ ባቡሩ እንደ ቀድሞው አልሆነም። ጥር 6 ቀን 1977 ዓ.ም. አዋሽ አካባቢ ፉርጎዎቹ ከሐዲዱ ወጥተው ገደል ሲገቡ ከ400 በላይ መንገደኞች ሞቱ፤ በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ የከፋ ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከአዲስ አበባ የሚነሳው ባቡር ቀረና የለገሃር መድረክ ጸጥ አለ።

በቦሌ በኩል ደግሞ የደርግ ዘመን እንግዳ ነገር ያሳያል። በሌላ መስክ ሁሉ ከምዕራቡ የተቆራረጠው መንግሥት በአየር መንገዱ ጉዳይ ከቦይንግ አልተለየም። ግንቦት 24 ቀን 1976 ዓ.ም. አዲስ የተገዛው ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን ተነስቶ 12,082 ኪሎ ሜትር ሳያርፍ በሮ ቦሌ ወረደ፤ ለባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ያኔ ክብረ ወሰን ነበር። አንባቢ ግን አቅጣጫውን ልብ ይበል፦ ከዝቅተኛው ዋሽንግተን ወደ ከፍተኛው አዲስ አበባ ነው። በተገላቢጦሹ ያን ያህል ነዳጅ ተሸክሞ ከቦሌ መነሳት ሌላ ጣጣ ነው። ዛሬም አየር መንገዱ ወደ አሜሪካ ሲሄድ ደብሊንን የመሰለ ማረፊያ ላይ ወርዶ ነዳጅ የሚቀዳው፣ ሲመለስ ግን በአንድ ትንፋሽ የሚመጣው ለዚህ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ የአገሪቱ ረሃብ ዓለምን አስደነገጠ፤ የቦሌ ሜዳም በእንግሊዝ፣ በጀርመንና በሶቪየት ዕቃ ጫኝ አውሮፕላኖች ተሞላ። በቀዝቃዛው ጦርነት እርስ በርስ ጠመንጃ የተማዘዙ አገሮች አብራሪዎች ከአንድ ማማ ትእዛዝ እየተቀበሉ እህል ወደ ሰሜን አጓጓዙ። ከዚያ ግንቦት 1983 ዓ.ም. መጣ። የደርጉ መሪ ኮሎኔል መንግሥቱ በ13ኛው ቀን አገር ጥለው ወጡ፤ በ16ኛውና በ17ኛው ቀን እስራኤል በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያንን ከቦሌ አጓጓዘች። ወንበራቸው የተነቀለ አውሮፕላኖች ያለማቋረጥ ተመላለሱ፤ አንዷ ቦይንግ 747 ብቻዋን ከ1,000 የሚበልጥ ሰው ጫነች። በሦስተኛው ቀን አማጺው ኢሕአዴግ ከተማዋን ያዘ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ይህን ያህል ታሪክ ያለፈበት ማኮብኮቢያ በአህጉሩ ስንት ይኖራል?

አሮጌው ተርሚናል ግን ከዘመኑ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። በ1990ዎቹ የተጀመረው ማስፋፊያ መጀመሪያ ሁለተኛ ማኮብኮቢያ፣ ቀጥሎም ጥር 13 ቀን 1995 ዓ.ም. የተመረቀውን፣ በሰዓት 3,000 መንገደኛ ያስተናግዳል የተባለውን የመስታወትና የብረት ተርሚናል አስገኘ። ዛሬ ሁለቱ ጎን ለጎን የተዘረጉ ማኮብኮቢያዎች አንዱ 3,800፣ ሌላው 3,700 ሜትር ይረዝማሉ።

ለአዲስ አበባ ሰው ተርሚናሉ የሸኚዎች ቦታ ነው። ወደ ዓረብ አገር የምትሄድ ልጅ፣ ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ፣ በርበሬና ሽሮ የተጠቀጠቀበት ሻንጣ፣ ሚዛን ላይ የሚነሳ ክርክር፣ ውጭ አበባ ይዞ የሚጠብቅ ቤተሰብ አለ። ለአየር መንገዱ ግን ቦሌ ከሁሉ በፊት የመሸጋገሪያ ቦታ ነው። ሥራው ሌጎስ ተነስቶ ጓንግዡ፣ ጆሃንስበርግ ተነስቶ ሮም የሚሄደውን መንገደኛ በሰዓታት ውስጥ ከአንዱ አውሮፕላን ወደ ሌላው ማዘዋወር ነው። የማለዳውና የምሽቱ በረራዎች ተራ የተያዘላቸውም ለዚያ እንዲመቹ ነው። በመዋቅሩ ውስጥ የከተማው ሰውና ተላላፊው መንገደኛ እኩል አልተያዙም፤ ብዙ ጊዜ ወረፋው ላይ የሚቆመው የከተማው ሰው ነው።

መንገደኛው የማያየው ክፍልም አለ። የአውሮፕላን ጥገናው ሃንጋሮች በአፍሪካ ስመ ጥር ከሆኑት መካከል ናቸው፤ አብራሪና ቴክኒሺያን የሚያሠለጥነው ትምህርት ቤት ከብዙ የአፍሪካ አገሮች ተማሪ ይቀበላል። በ2009 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የተከፈተው ሁለተኛው የካርጎ ተርሚናል ከነባሩ ጋር ተደምሮ በዓመት አንድ ሚሊዮን ቶን ገደማ የመያዝ አቅም አለው። የዝዋይና የሆለታ ጽጌረዳ በቀዝቃዛ ክፍሎቹ አልፎ ወደ አውሮፓ የአበባ ገበያ ይሄዳል። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ጭምብልና የመመርመሪያ ቁሳቁስ ለአፍሪካ አገሮች የተከፋፈለው ከዚህ ነበር፤ ብዙ አየር መንገዶች ከሥራ ሲወጡ የኢትዮጵያውን ያቆመው ጭነት ነው።

ጥር 19 ቀን 2011 ዓ.ም. የተስፋፋው ተርሚናል ተመረቀ፤ በቻይና ብድር የተሠራ፣ 363 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት፣ የማረፊያውን አቅም በዓመት ወደ 22 ሚሊዮን መንገደኛ ያደርሳል የተባለለት ነው። በዚያው ቀን ባለ 373 ክፍል ስካይላይት ሆቴል ተከፈተ። ተላላፊው መንገደኛ ከተማዋን ሳያይ በልቶ፣ ተኝቶ፣ ገላውን ታጥቦ መሄድ ቻለ፤ ለካዛንቺስ ሆቴሎች ይህ መልካም ዜና አልነበረም። ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ መጋቢት 1 ቀን፣ ከዚሁ ማኮብኮቢያ የተነሳው የናይሮቢ በረራ 302 በስድስተኛው ደቂቃ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ። ከ30 የሚበልጡ አገሮች ዜጎች የሆኑ 157 ሰዎች አለቁ። ጥፋቱ ከአዲሱ ቦይንግ 737 ማክስ አሠራር ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘ፤ አውሮፕላኑም በዓለም ዙሪያ ከበረራ ታገደ።

ለገሃርስ? መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. የከተማው ቀላል ባቡር ሥራ ሲጀምር ከአሮጌው ጣቢያ አጠገብ የራሱን ፌርማታ አቆመ። በዓመቱ የተመረቀው አዲሱ የጅቡቲ ምድር ባቡር ግን ወደ መሀል ከተማ አልገባም፤ መንገደኛውን ለቡ ላይ ያወርዳል፤ ከዚያ ታክሲ መፈለግ የመንገደኛው ፋንታ ነው። ኅዳር 2011 ዓ.ም. መንግሥት በጣቢያው ዙሪያ ባለው 36 ሄክታር መሬት ላይ ኢግል ሂልስ ከተባለው የኤሚሬትስ ኩባንያ ጋር 50 ቢሊዮን ብር የሚፈጅ አዲስ መንደር እንደሚገነባ አስታወቀ፤ አሮጌው ጣቢያ እንደ ቅርስ ይጠበቃል፣ ነዋሪውም አይፈናቀልም ተባለ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስን አፈረሰው። ለትውልዶች እዚያ የኖረ ሰው ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተበተነ፤ አስፋልቱና መብራቱ ያማረ ነው፤ ዕድሩና ጎረቤቱ ግን አብሮ አልተጓዘም።

ቦሌም በተራው ሞላ። ዙሪያውን ሕንፃ ስለከበበው ሦስተኛ ማኮብኮቢያ የሚዘረጋበት ሜዳ የለም፤ ልደታ በ1950ዎቹ የገባበት ጭንቀት ነው። ጥር 2 ቀን 2018 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ በተባለው ቦታ የአዲሱ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ። ወጪው 12.5 ቢሊዮን ዶላር፣ በመጀመሪያው ምዕራፍ የሚያስተናግደው 60 ሚሊዮን፣ ሲጠናቀቅ 110 ሚሊዮን መንገደኛ ነው ተብሏል። ቦታው ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ከፍታው ከቦሌ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። መሐንዲሶቹን ካስደሰቱት ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ አውሮፕላኑ የበለጠ ነዳጅና ጭነት ይዞ ይነሳል። ከቦሌ ጋር የሚያገናኘው ፈጣን ባቡርም በዕቅዱ ውስጥ አለ።

ቦሌ ከዚያ በኋላ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ሆቴል ላቆመውም፣ ታክሲ ለሚነዳውም፣ ሱቅ ለከፈተውም ትንሽ አይደለም። ለአቡሴራ ገበሬ ግን ጥያቄው ዛሬ ደርሷል። ጤፍና ስንዴ ከሚያበቅለው ጥቁር አፈር ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ አርሶ አደሮች እየተነሱ ነው፤ ካሳ ይከፈላል፣ ቤትም ይሠራላቸዋል ተብሏል። የእነርሱ ልጆች በሃንጋሩ ውስጥ ሥራ ያገኙ እንደሆነ፣ ወይም አጥሩ አጠገብ ሻይ ሲሸጡ የሚታዩ እንደሆነ፣ ማኮብኮቢያው ከመጠናቀቁ በፊት በሚደረጉ ውሎች ይወሰናል።